የሦስተኛው ሣጥን እጀታ

ድንጋይ ሲደርቅ ሁሉም አንድ ዓይነት አመድማ ነው፤ መልኩን የሚያወጣው ሲረጥብ ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዋ ስፖንጁን ከባልዲው አውጥታ ጨመቅ አደረገችና በሦስተኛው ሣጥን የተደረደሩትን ናሙናዎች ከዳር እስከ ዳር አራሰቻቸው። ከአራት ዓመት በፊት ከኮረብታው ሆድ በመሰርሰሪያ የወጡ፣ እንደ ክንድ የወፈሩ የድንጋይ ዘንጎች ናቸው። ሃያ ዓመት ድንጋይ ስታርስ ኖራለች።

ሦስት ሰዓት ላይ አጣሪ ኮሚቴው ይመጣል። መጋዘኑ ውስጥ ከእሷ ሌላ ያሉት፣ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጡት፣ ናሙናዎቹን ሰርስረው ያወጡት ሰርሳሪ ብቻ ናቸው። ዕድሜያቸውን ከመሰርሰሪያው ማሽን ጋር በጭቃ ሲለወሱ ስለኖሩ ሰው ሁሉ አባ ጭቃ ይላቸዋል። ዛሬ ግን የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ተጠያቂው እሳቸው ናቸውና።

ባለፈው ክረምት ኮረብታው ተንሸራቶ አዲሱን መንገድ ተሻገረና አራት ቤቶች ላይ ተጫነ። በአንደኛው ውስጥ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ከነስፌት መኪናው ተቀብሮ ቀረ። ኮሚቴው ቆፍሮ ሲያይ፣ ኮረብታውን ያንሸራተተው ስስ የሸክላ አፈር አሥራ አንድ ሜትር ላይ ተገኘ። የባለሙያዋ መዝገብ ግን አሥራ አራት ይላል። መንገዱ ኮረብታውን የሚቆርጠው እስከ አሥራ ሁለት ሜትር ነው። ሸክላው ከመንገዱ በታች ቢሆን ኖሮ ተጭኖ ይተኛ ነበር፤ ከመንገዱ በላይ ከሆነ ግን መንገዱ ከፊቱ ያለውን ድጋፍ ወስዶበታል፣ ዝናብ ሲጠግብ ይሄዳል። ናሙናው ሲወጣ ጥልቀቱን ትንሽ ጣውላ ላይ ጽፎ ሣጥኑ ውስጥ የሚያስቀምጠው ሰርሳሪው ስለሆነ፣ ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ አባ ጭቃ ላይ አረፈ። ዛሬ እሷ ቃሏን ሰጥታ ትፈርማለች፤ እሳቸው ደግሞ ለጡረታ ስድስት ወር ሲቀራቸው ፍርድ ቤት ይቆማሉ።

ጣውላው ግን አልተሳሳተም። ይህን እሷ ታውቃለች።

ከአራት ዓመት በፊት ናሙናውን በመዘገበችበት ዕለት ቶሎ ጨርሼ ልሂድ ብላ ሁለት ሣጥን ደርባ አነሣች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ የሦስተኛው ሣጥን እጀታ ተነቀለና ናሙናው ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ጠንካራ ድንጋይ ስብራቱ ከስብራቱ ስለሚገጥም እያገጣጠመች መለሰችው። ስንዝር የምታክል አንዲት የሸክላ ቁራጭ ግን ከምንም አልገጥም አለቻት። «እዚህ ትሆናለች» ብላ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ልሉ አፈር መካከል ሸጎጠቻት። መዝገቡ ላይም እንዲያው ጻፈች።

ይህ ብቻ ቢሆን ስሕተት ነው ይባል ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ለሌላ ሥራ ናሙና ፍለጋ ሣጥኑን ከፍታ ስታርሰው፣ ሸክላዋ በአንድ ጫፏ እንደ ጡብ ቀልታ አየቻት። ኮረብታው እንዴት እንደተሠራ ታውቃለች፤ መጀመሪያ እሳተ ገሞራ አመዱን አዘነበ፣ አመዱ ስፍር ቁጥር የሌለው ዘመን ውሃ እየጠጣ ሸክላ ሆነ፣ ኋላ ሌላ እሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋዩን አፈሰሰበትና ፊቱን ጠበሰው። የተጠበሰ ሸክላ ቦታው ከጠበሰው ጥቁር ድንጋይ ሥር ነው። ጥቁሩ ድንጋይ የሚያልቀው ደግሞ አሥራ አንድ ሜትር ላይ ነው።

ክዳኑን መልሳ ዘጋችው። መንገዱ አንዴ ተሠርቷል፣ የድጋፍ ግንቡ ይችለዋል፣ እስካሁንስ ምን ሆነ? እያለች ራሷን ሸነገለች። ከዚያ ወዲያ በልብስ ሰፊው በር ስታልፍ ፊቷን ታዞር ጀመር። የሥራ ኮቷ ኪስ ሲቀደድ የጠቀመላት እሱ ነበር፤ «ድንጋይ ትከቺበታለሽ እንዴ?» ብሎ ስቆባት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለእሱ ግን ንጋቱ አልደረሰለትም፤ ያዘገየችውም እሷ ናት።

ሣጥኑን ወደ ጠረጴዛው መሃል ልትስብ እጀታውን ስትይዝ፣ ከሣጥኑ የተለየ እንጨት መሆኑን አየች። በሁለት ምስማር ተመቷል። አራት ዓመት ሙሉ ማን እንደጠገነው ጠይቃ አታውቅም።

«ጋሼ፣ ይህን እጀታ ማን ነው የመታው?»

«እኔ ነኛ። በማግስቱ ተነቅሎ አገኘሁት።»

«ታዲያ ለምን ለኮሚቴው አልነገሩም?»

«ምን ብዬ? እኔ ያየሁት የተነቀለ እጀታ ነው። ድንጋዩ እንዴት እንደተመለሰ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ የኔ ልጅ።» ባርኔጣቸውን አንዴ አዙረው መልሰው አስቀመጡት። «ድንጋይ ውሸት አያውቅም፤ አስተርጓሚው ነው እንጂ።»

ቢሰድቧት በወደደች። በጥፊ ቢሏትም ይቀላት ነበር።

ኮሚቴው በሰዓቱ ደረሰ። ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው መነጽሩን ጠርጎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ ብዕሩንም አቀበላት። አልተቀበለችውም። ከመጨረሻው ረድፍ ሸክላዋን በሁለት መዳፏ አነሣች። እንዲህ ቀላል ነበረች? ወደ መጀመሪያው ረድፍ መጨረሻ፣ አሥራ አንድ ሜትር ወደሚለው ጣውላ ወሰደቻትና ጥቁሩን ድንጋይ ገልበጥ አድርጋ አሳየቻቸው። ከሥሩ ያው ቀይ አፈር ተጣብቆበታል።

«ቦታዋ ይሄ ነው» አለች። «የጋሼ ጣውላ ትክክል ነው። ሣጥኑን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ በግምት የመለስኩትም እኔ።»

አንደኛው ሰውዬ አቀርቅሮ በጣቱ ቀዩን ነካ። ሰብሳቢው ትከሻው ረገብ አለ፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ያሳዘነችውም ትመስላለች።

«እንግዲህ ሰው ነን፣ እንሳሳታለን» አለ በለሆሳስ። «ይህንን ያስተዋሉት ዛሬ፣ ሲያርሱት ነው አይደል?»

የማምለጫ በር ተከፈተላት። «አዎ» ብትል ማንም አያውቅም፤ ድንጋዩም ይህን አይመሰክርም። አባ ጭቃን አየቻቸው። እሳቸው ግን አያዩዋትም፣ ባርኔጣቸውን ነው የሚያዩት። እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች፤ ጥቅማቱ እንዳለ ነው።

«አይደለም» አለች። «ካወቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ልብስ ሰፊው በሕይወት እያለ።»

ሰብሳቢው ብዕሩን አነሣ፤ ግን ወዲያው አልጻፈም። ጠረጴዛው ላይ ድንጋዩ ከዳር ጀምሮ መድረቅ ይዟል።