ሽማግሌ የጫነች ሸቭሮሌ

እኔ አፌ አርፎ አያውቅም። እናቴም ጎረቤቱም ይህን ያውቃል። ያን እሑድ ግን ከጠዋት ጀምሮ መኝታ ቤት ተዘግቶብኝ ትንፍሽ እንዳልል ተነግሮኛል። ቀኑ ቅበላ ነው፣ በፈረንጅ የሰማንያ ሰባት ፌብሩወሪ። አትላንታ፣ ደንዉዲ ሰፈር፣ አጎቴ ቤት ሦስት ሽማግሌዎች እኔን ለወንዳፍራሽ ሊጠይቁ በስምንት ሰዓት ይመጣሉ። የምትጠየቅ ልጅ ደግሞ አትታይም፣ ድምጿም አይሰማም። ወግ ነው፣ ምን ይደረግ!

ሲመጡ ለሦስተኛ ጊዜ ነው። አጎቴ ጋሼ ገብረሕይወት በመጀመሪያው "እናስብበት" ብለው መለሷቸው። እሺ፣ ያ የተለመደ ነው። በሁለተኛው ግን ሆዳቸው ውስጥ ያለውን አወጡት። "ልጁ ሠራተኛ ነው፣ ጨዋም ነው። ግን ሰው አይሰማም። ዳትሰን ግዛ ብዬ እየመከርኩት ሄዶ ከራሱ በዕድሜ የምትበልጥ መኪና ገዛ። ነገ ይቺ ልጅ ስትመክረው ሊሰማት ነው? የቅበላ ለት እስከ ዘጠኝ ተኩል እጠብቃችኋለሁ፣ ቁርጡን ያኔ እነግራችኋለሁ። ጾም ከገባ ግን ቤቴ የሠርግ ወሬ አይነሣም።"

ለአራተኛ ጊዜ የሚላክ ሽማግሌ ደግሞ የለም። ወይ ዛሬ ነው፣ ወይ ቀረ።

ያቺ መኪና የሃምሳ ሰባት ሸቭሮሌ ናት። የተዋወቅነውም በእሷ ሰበብ ነው። ቢዩፎርድ ሃይዌይ ላይ የመኪና ዕቃ መሸጫ ባንኮኒ ላይ ነው የምሠራው። ወንዳፍራሽ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መጥቶ የዲናሞ ቺንጋ ከእኔ ገዛ። በሁለት ወር ሦስት ጊዜ የሚበጠስ ቺንጋ የለም፣ ያኔውኑ ገብቶኛል።

ስምንት ሰዓት ሆነ፣ የሉም። ስምንት ተኩል ሆነ፣ የሉም። የአጎቴ ጫማ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። የመኝታ ቤቱ ስልክ ሲጮኽ ከአልጋው ዘልዬ ብድግ አደረግኩት።

"የምሥራች፣ ጉድ ሆንኩልሽ!" አለ ወንዳፍራሽ እያለከለከ። "መኪናዋ ሞተች። ብሩክሄቨን ጋ ነዳጅ ማደያ ፓርክ አድርገናል። ሽማግሌዎቹ ውስጥ ተቀምጠዋል።"

"ምን ሆነች?"

"ባትሪው ደከመ። ዲናሞው አይሞላም። ትናንት ከአንቺ የገዛሁትን ሬጉሌተር አስሬበት ነበር እኮ!"

ሬጉሌተር ማለት ዲናሞው ለባትሪው የሚሰጠውን ኃይል የሚመጥን ትንሽ ሳጥን ነው። ራሴ ነኝ የሸጥኩለት፣ ከካርቶኑ አውጥቼ።

"ቀይዋ መብራት በርታለች?"

"ከቤት ስወጣ ጀምሮ።"

"ከቤት ስትወጣ ጀምሮ! በዚህ ዝናብ የፊት መብራትና ማሞቂያ ከፍተህ?"

"ታዲያ ሽማግሌ ይብረደው?"

ኧረ ምን ጣጣ ነው! ስልኩ የማደያው ግድግዳ ላይ ነው፣ መኪናዋ ሃያ እርምጃ ርቃ ቆማለች። "አንድ ሰው ስልኩ ጋ አቁምና አንተ ኮፈኑን ክፈት" አልኩት። ማንን ያቆማል? መሪጌታ ተገኝን! የሽማግሌዎቹን አፈ ቀላጤ፣ እኔን ሊጠይቁ ነጠላ ያጣፉትን ሰውዬ!

"ማን ልበል?" አሉ መሪጌታ።

ድምፄን አወፈርኩ። "የመኪና ዕቃ ሱቅ ሠራተኛ ነኝ።" ውሸት አይደለም።

"በሰንበትም ትሠሪያለሽ እኅቴ?"

"አስቸኳይ ነው ብለው ጠርተውኝ ነው።"

ጀመርን። እኔ በሹክሹክታ እጠይቃለሁ፣ መሪጌታ በቅዳሴ ድምፃቸው ማደያውን ያናውጡታል።

"ቺንጋው ጠብቋል?"

"ቺንጋው ጠብቋል ወይ ትላለች! ... ጠብቋል ይላል።"

"ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቼክ ያድርግ።"

"ሽቦ እይ ትላለች! ... ሁሉም ቦታው ነው ይላል።"

"ሬጉሌተሩ የታሰረበት ብረት እንዴት ነው? ዝጓል?"

"ዝጓል?" መሪጌታ ተቆጡ። "ምን ዝገት አለ! ልጁ እኮ የተባረከ ነው። ሽማግሌ በዛገ መኪና አይሄድም ብሎ ትናንት ቀኑን ሙሉ ኮፈኑ ሥር ያለውን ሁሉ ነጭ ቀለም ሲቀባ ነው የዋለው። ብሎኑ ሳይቀር! ለጥምቀት የለበሰ ነው የሚመስለው።"

ትራሱን ነከስኩት። አይ ወንዳፍራሽ! ያ ሳጥን እኮ ማሳ፣ የኤሌክትሪኩን መመለሻ ማለት ነው፣ የሚያገኘው በጀርባውና በብሎኖቹ ነው፣ ብረት ብረትን ካልነካ ኤሌክትሪኩ ዙሩን አይጨርስም። እሱ ለክብራችን ብሎ በመሀል ቀለም ለቀለቀበት። የአትላንታን ፈረንጅ ሁሉ ባንኮኒ ላይ አስተናግጃለሁ፣ ብሎን ቀብቶ የመጣ አንድ አላየሁም። ሽማግሌ የሚልክ ሐበሻ ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው!

"ይፋቀው!" አልኩ። "ሬጉሌተሩን ይፍታና ሥሩን ይፋቀው፣ ብሎኖቹንም! ብረቱ ፍጥጥ ብሎ እስኪታይ!"

"ፋቀው ትላለች!"

ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጠፍኩ። "ምን አለ?"

"ምን ይላል፣ በአንዱ ሽማግሌ ሰንጢ እየፋቀ ነው። ለምን እንኳ አላለም። ያን የመሰለ ቀለም! አንጀቴን በላው።"

የእኔንም በላው። ፋቀና መልሶ አሰረ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፣ ዘጠኝ ሊሆን ነው።

"በሉ እንግዲህ፣ ባትሪው ስታርት አያደርግም፣ መገፋት አለባት። እሱ ፍሪሲዮን ረግጦ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባ። እርስዎ፣ አቶ መርዕድና አቶ ይገዙ ከኋላ ትገፋላችሁ።"

"ስማችንን ማን ነገረሽ?" አሉ መሪጌታ።

ወይ አፌ!

"ደግሞስ እኅቴ" አሉ፣ "እኛ የሰው ልጅ ልንጠይቅ የምንሄድ ሽማግሌዎች ነን። ነጭ ለብሰናል። ጭቃ ውስጥ ገብተን መኪና አንገፋም።"

አልቻልኩም፣ በቃ አልቻልኩም። "ነጩ ታጥቦ ይነጣል መሪጌታ! እኔ ለነጠላ ብዬ ባል ላጣ ነው እንዴ? ሰዓቱ ሄደ እኮ!"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ፊቴ ነደደ። ያኔ ከዚያው ስልክ ውስጥ ሌላ ድምፅ መጣ።

"መሪጌታ፣ ይግፉ እንጂ።"

"ማነው ደግሞ?"

"ገብረሕይወት ነኝ፣ በኩሽናው ስልክ፣ መስመሩ አንድ ነው። ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ነው።"

መሪጌታ ስልኩን ሳይዘጉ ለቀውት ሮጡ። ተንጠልጥሎ ግድግዳውን ሲመታ ይሰማኛል። መስመሩ ላይ እኔና አጎቴ ብቻ ቀረን። ከድንጋጤዬ የተነሣ መዝጋት አቃተኝ፣ እሳቸውም አልዘጉም። ከሩቅ "አንድ! ሁለት! በስመ አብ!" ሲባል ሰማን። አንድ ሰው ተንሸራተተ መሰለኝ፣ "ወይኔ ጉልበቴ!" አለ። ከዚያ ሸቭሮሌዋ አስነጠሰች፣ ደገመች፣ አጓራች።

"ቀይዋ ጠፋች!" ብለው ጮኹ መሪጌታ። "ቀይዋ መብራት ጠፋች! እልልል!"

አጎቴ ስልኩ ውስጥ ሳቃቸውን ሲውጡ ሰማኋቸው።

ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ። በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። የሦስቱም ነጠላ በጭቃ ተረጭቷል፣ የአቶ ይገዙ አንድ ጫማ የለም። እንደ ወጉ ሳይቀመጡ ቆሙ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው "የመጣንበትን ጉዳይ..." ብለው ሲጀምሩ አጎቴ እጃቸውን አነሡ።

"ይቆዩ መሪጌታ። ልጁ ሰው አይሰማም ብያችሁ ነበር። ዛሬ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስልኩን ይዤ አዳመጥኩ። ቀኑን ሙሉ የለፋበትን ቀለም ፋቀው ስትለው ፋቀው። ለምን አላለም። እኔ ፀሐይነሽን ካገባሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ለምን ሳልል የሰማኋትን አንድ ቀን አላስታውስም።"

"እኔም አላስታውስም!" አሉ እትዬ ፀሐይነሽ ዶሮውን እያማሰሉ።

"ስለዚህ ተቀመጡ። ልጄን ሰጥቻለሁ።"

ከዚያ በኋላ ወግ የሚባል ነገር ከእኔ ጋር አልነበረም። በሩን በርግጄ፣ በሦስቱ ሽማግሌዎች መሀል አልፌ፣ በባዶ እግሬ ዝናብ ውስጥ ወጣሁ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና ወንዳፍራሽ መኪናው ውስጥ ቀርቷል። ሞተሩን አላጠፋም፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ፊቱ አመድ መስሏል። መስኮቱን ደበደብኩ።

"አጥፋው!"

"ለምን?" አለ መስኮቱን እያወረደ። "ባትሪው ገና አልሞላም እኮ! ካጠፋሁት አይነሣም፣ ሽማግሌዎቹን ማን ይመልሳቸዋል? ደግሞ አንቺ ጫማ ሳታደርጊ እንዴት..."

በሩ ክፍት ነው። አጎቴ ደጃፉ ላይ መጥተዋል። አፉን በመዳፌ ግጥም አድርጌ ያዝኩት።

"ዝም በል በናትህ፣ ለምን ስትል ይሰሙሃል! ሰጥተውሃል እኮ! እሺ ብለዋል!"

ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ እንባው መጥቶ እጄ ላይ ፈሰሰ። አፉን አልለቀቅኩለትም። እሱም ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳያነሣ እጁን ሰደደና ሞተሩን አጠፋው።