ከሬዲዮው ጀርባ የቀረ ድምፅ

ዘገዬ ቴፑን እገዛለሁ ያለ ዕለት ኢተፋ ምሳ አልበላ አለው። ዕቃው ከቤቱ ቢወጣለት ደስታው ነበር። የጸሎት ወንድማቸውን መርጋን የቀበሌ ጥበቃዎች ከቤቱ የወሰዱት ቴፕና የመዝሙር ካሴት አግኝተውበት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኢተፋ የራሱን ቴፕ ባየ ቁጥር የመርጋ መወሰድ ይታወሰዋል። ያስጨነቀው የዘገዬ የመጨረሻ ቃል ነበር።

«ካሴቱም አብሮ ይሁን እንጂ፣ ጋሼ ኢተፋ። ባዶ ቴፕ ይዤ ላፏጭበት ነው?»

ያ ካሴት ባዶ አልነበረም። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ ሐሙስ ሐሙስ በእትዬ ወሰንየለሽ ቤት በድብቅ ይሰበሰቡ ነበር። አንድ ሐሙስ የጸለዩት ሁሉ ድምፃቸው ሳይቀር እዚያ ላይ ተቀድቷል። የሚያውቃቸው ሰው ማን ማን እንደነበረ በአንድ ጊዜ ይለያል።

ዘገዬን ደግሞ ማን ያውቀዋል? ግቢው ውስጥ ክፍል ከተከራየ ገና ወራት ቢሆነው ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ እሠራለሁ ይላል፤ አንዳንዴ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል። እንደ ጥበቃዎቹ ካኪ ይለብሳል። በቀደም ደግሞ በር ላይ አግኝቶት፣ «ጋሼ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሽክ ብላችሁ የት ነው?» ብሎታል። ኢተፋ «ዘመድ ጥየቃ» ብሎ አለፈ።

«አቃጥለው» አለች ሚስቱ ጉዲቱ።

«ፕላስቲክ ሲቃጠል ግቢው ሁሉ ምን ሸተተ ይላል። ካሴቱን ደግሞ በዓይኑ አይቶታል። የት ሄደ ቢለኝስ?»

«ሌላ ግዛለታ።»

«ከየት? ገበያው ላይ ጠፍቶ የለ።»

ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ በላዩ ላይ ሌላ ነገር ቀድቶ የነበረውን ማጥፋት። ኢተፋ ማንም እንዳይቀዳበት ብሎ ራሱ የሰበራቸውን የካሴቱን የጀርባ ጥርሶች ቀዳዳ በወረቀት ጠቀጠቀ። ቴፑን ከሬዲዮው ፊት አስቀመጠና ጀመረ። የሬዲዮው ዜና፣ የሬዲዮው ማርሽ፣ ስለ እርሻ ዘመቻ የሚያወራው ሰውዬ፣ ሁሉም በወንድሞችና በእህቶች ድምፅ ላይ ይፈስበት ጀመር። የቀማቸው መሰለው፤ ግን አላቋረጠም። አንዱ ገጽ ሲያልቅ ሌላውን ገለበጠ። እራት ቀረበ፤ በሉ። ካሴቱ ሲያበቃ ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም ትንሽ ትንሽ አዳመጠ። ዜናና ማርሽ ብቻ ነው። ደረቱ ቀለል አለው፤ በማግስቱ ቴፑንና ካሴቱን ለዘገዬ አስረከበ።

ያን ዕለት ማታ እራት ሲቀርብ ጉዲቱ እንደ ወትሮዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጌታ ሆይ፣ ይህን ማዕድ ባርክ። መርጋን በታሰረበት አስበው። የወሰንየለሽን ቤት፣ ሐሙስ የምንሰበሰብበትን ጣሪያ በክንፍህ ሸፍን።»

«አሜን» አለ ኢተፋ፤ ወዲያው የቆረሰውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠ።

«ምን ሆንክ?»

«ትናንትም እንዲሁ ጸልየሻል።»

«ሳልጸልይ በልቼ አውቃለሁ?»

«ቴፑ እየቀዳ ነበር፣ ጉዲቱ! እኔም አሜን ብያለሁ!»

ጉዲቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያንን ሁሉ የሰው ድምፅ አጥፍተው የገዛ ድምፃቸውን፣ ቀንና ቤት ጠቅሰው፣ ለማያውቁት ሰው በእጁ ሰጥተውታል።

ኢተፋ ግቢውን ተሻግሮ የዘገዬ በር ላይ ሲደርስ ከውስጥ ዜና ይሰማል። የዛሬው አይደለም፤ የትናንቱ ነው። ካሴቱ እየዞረ ነው። ለማንኳኳት ያነሳው እጁ አየር ላይ ቀረ። የእርሻ ዘመቻው ሰውዬ ተናግሮ ጨረሰ፤ ማርሹ ገባ። ጉዲቱ እራት ያቀረበችው ማርሹ መሀል ላይ ነበር። ኢተፋ ጆሮውን ወደ በሩ አስጠጋ።

ቋ! የሚል የቴፕ ቁልፍ ድምፅ ተሰማና የሌላ ሰው ድምፅ ገባ። የዘገዬ የራሱ ድምፅ ነው።

«እማዬ፣ አካም ጅርታ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራውም ደህና ነው፤ ሸንኮራው ብቻ ሰውን ይቆራርጣል...» ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቋ! አለና ማርሹ ቀጠለ፤ የጉዲቱ ጸሎት አልተሰማም።

በሩ ተከፈተ። «ጋሼ! ምነው ቆሙ? ይግቡ እንጂ።»

«ቴፑ ይሠራ እንደሆነ ልጠይቅህ ብዬ ነው።»

«ይሠራል። አቦምሳ ላለችው እናቴ ነው፤ ደብዳቤ ማንበብ አትችልም፣ ድምፄን ልልክላት ነው።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው አትጀምርም? ለምን ከመሀል?»

ዘገዬ ወደ ግቢው በር አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መንገድ ላይ ከፍቶ የሚሰማ አይጠፋም። ከፊት ዜና ካገኘ ይሰለቸዋል፣ ይመልሰዋል። ደግሞም መደምሰስ ያለበት ቦታ እዚያ ላይ ነበር።» ፈገግ አለ። «ሬዲዮ ሲቀዳ ቤት ውስጥ ዝም ይባላል፣ ጋሼ።»

ኢተፋ «አመሰግናለሁ» ቢል ማመን ነው፤ «ምን ማለትህ ነው» ቢል መካድ ነው። ሁለቱንም ሳይል ዞረ።

«ጋሼ» አለው ከኋላው። «በዚህ ሐሙስ ዘመድ ጥየቃው ቢቀር ይሻላል።»

ቤቱ ገብቶ ለጉዲቱ ነገራት።

«አስጠነቀቀን ወይስ አስፈራራን?» አለች።

ኢተፋ በሩን ቀረቀረ።

በነጋታው ጉዲቱ ቅርጫት ይዛ፣ ገበያ የምትሄድ መስላ ወጣችና ለወሰንየለሽ ነግራ ተመለሰች። ወሰንየለሽም ለሌሎቹ አደረሰች። ሐሙስ ማንም አልሄደም። በማግስቱ ወሰንየለሽ ራሷ መጥታ የሆነውን አወራች፤ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ከበሯ ፊት ለፊት እስኪመሽ ቆመው ነበር።

ጉዲቱ አለቀሰች። «እግዚአብሔር የላከው ሰው ነው።»

«ወይ ጥበቃዎቹን የላካቸው ሰው ነው» አለ ኢተፋ። «ስንቀር እዚያ እንደምንሰበሰብ ሊያረጋግጥ።»

በመስኮቱ ሲያይ ዘገዬ በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል። ቀና ብሎ አየው፤ እጁንም አላነሳም፣ ፊቱንም አላዞረም።

ማታ ማዕዱ ቀረበ። ጉዲቱ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ኢተፋ ሳትጨርስ እንዳይጀምር ከንፈሯን እያየ ጠበቀ፤ ሲያቆም አሜኑን በሆዱ አለ።