በማኅተም የታዘዘ መርፌ

ቀበሌው ማኅተም የመታበትን ወረቀት ዘነበች ቆማ አነበበችው። «ለአብዮታዊው ቁስለኛ ጓድ ዋለ፣ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሕመም ማስታገሻ መርፌ እንዲወጋ ትብብር ይደረግለት» ይላል። በጠየቀ ጊዜ ሁሉ! መድኃኒት ማዘዝ ስኳር እንደ ማከፋፈል ቀሏቸዋል ማለት ነው።

ወረቀቱን ወደ ጤና ጣቢያው ያመጣው ሊቀመንበሩ ኃይለሚካኤል ራሱ ነው። ከጎኑ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ዋለ የዘነበች ታናሽ ወንድም ነው፤ ኦጋዴን ላይ ጭኑን በጥይት ተመትቶ ቦንጋ ከገባ ሰባት ወሩ። ቁስሉ ጠግጓል፤ መርፌው ግን አልቆመም። ከጦር ሆስፒታል «ሲያመው ፔቲዲን ይሰጠው» ብለው ሸኙት፤ እስከ መቼ እንደሆነ የጻፈ የለም። እሷም ነርስ ሆና፣ ሱስ እንደሚሆንበት እያወቀች፣ ጩኸቱን መስማት አቅቷት በየቀኑ ስትወጋው ከረመች። መጀመሪያ በቀን አንድ፣ ኋላ ሁለት። ትናንት ከለከለችው። ዛሬ ሊቀመንበሩን ከነማኅተሙ ይዞ መጣ።

ዋለ ያዛጋል፤ አፍንጫው ይፈሳል፤ በዚያ ብርድ ላብ አጥምቆታል።

«እቴ፣ ዛሬን ብቻ።»

«ትናንትስ ምን አልከኝ?»

«ትናንት ውሸቴን ነው። ዛሬ ግን እግሬ ሊቆረጥ ነው።»

«እግርህ ድኗል፣ ዋለ። አሁን የሚያሰቃይህ መርፌው ነው።»

ኃይለሚካኤል ጠረጴዛውን መታ። «ጓድ ዘነበች፣ ደሙን ያፈሰሰን ሰው ትከለክያለሽ? ይህ ነገር ስም አለው።»

ስሙን ታውቃለች። በዚያ ስም የተወሰዱ ሰዎችንም ታውቃለች።

በዚህ መሐል በሩ ላይ ጫጫታ ሆነ። ጣሰው የሚባል የማንኪራ ገበሬ ቀፎ ሊያወርድ ወጥቶ ከዛፍ ወድቆ ኖሮ፣ ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ይዘውት ገቡ። የጭኑ አጥንት ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የቀረው ፔቲዲን አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው። ከጅማ መድኃኒት የጫነውን መኪና ጎጀብ ወንዝ ማዶ ጭቃ ከያዘው አራት ቀኑ።

ዘነበች መዝገቡን ገልጣ ሊቀመንበሩ ፊት አኖረችው።

«እሺ፣ ዋለን ልውጋው። እርስዎ ግን እዚህ ላይ ‹የዚህ ሰው አጥንት ያለ ማስታገሻ ይጎተት ያልኩት እኔ ነኝ› ብለው ይፈርሙ።»

«ማኅተሙ አለ እኮ!»

«ማኅተም አይጠየቅም። ስምዎን ከነአባትዎ ይጻፉ።»

ኃይለሚካኤል ብዕሩን አየ፤ ቃሬዛውን አየ። በቀበሌው ስም ሲያዝ አንድም ቀን ያላመነታ እጅ ኪሱ ገባ። «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ወጣ። ነገ ምን ይዞባት እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ።

ዘነበች መድኃኒቱን በመርፌው ሳበች። ዋለ ብድግ አለ። ዓይኑ ከእጇ አልተነቀለም። ሊነጥቃት ነው ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ መልሳ ግን ቆመች።

«ና፣ ክንዱን ያዝልኝ» አለችው። ጎረቤቶቹ አጠገቧ ነበሩ፤ እሷ የጠራችው እሱን ነው።

መጣ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ያዘው። መድኃኒቱ እስከ መጨረሻው ጠብታ ሲገባ አየ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጣሰው ፊት ሲፈታ ዋለ አጥንቱ በወጣው ሰው ቀንቶ «ምን ያለው የታደለ ነው!» አለ።

ዘነበች ባዶውን ብልቃጥ መዝገቡ አጠገብ አኖረች።

«መኪናው ሲገባስ?» አላት።

«በጥቂት በጥቂቱ እየቀነስኩ መርፌውን አስተውሃለሁ። በጠየቅህ ጊዜ ግን አልሰጥህም።»

«ብጮህስ?»

«ትጮሃለህ። እኔም እሰማለሁ።»

ድምፅዋ መንቀጥቀጡን ዋለ ሰማ።