የረይሀና ቤት ድራማ

የሺዓለም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እጇን ሰዳ ገመዱን ስትነቅል አቧራው አስነጠሳት። ትንሹን ጥቁር ቦክስ ከነገመዱ በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከግቢው ማዶ፣ ከረይሀና ቤት፣ የባሏ የእሸቴ ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ሳቅ መጣ። የረይሀና ሳቅ ነው።

"ሳቂ እንግዲህ፤ ዛሬን ሳቂ" አለች ለብቻዋ።

እሸቴ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ፀጉሩን በውሃ ያበጥርና ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ እዚያች ልብስ ሰፊ ቤት ይገባል። ረይሀና ባሏ የሞተባት፣ ሰው የማታስቀይም ጎረቤት ናት፤ በሯም ሁልጊዜ ክፍት ነው። "ምን ፍለጋ ነው?" ብላ የሺዓለም ስትጠይቀው መልሱ አንድ ነው፤ "የእንግሊዝኛው ድራማ እንዳያመልጠኝ። የኛው ቦክስ እንደሁ አይሠራም።"

እውነቱን ነው፣ አይሠራም። ድራማው ያለበት አፕ እነሱ ቤት ሲከፈት ማያው ይጠቁርና "በዚህ መሣሪያ አይሠራም" ብሎ ቁጭ ይላል። ያው ዓይነት ቦክስ፣ ከዚያው ሱቅ የተገዛ፣ ረይሀና ቤት ግን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ሰው በቦክስ ይቀናል? የሺዓለም ቀናች። ግን እናንተዬ፣ ቅናቱ የቦክስ ብቻ ቢሆን ምን ችግር ነበረው። ይሄ ሰውዬ ለገዛ ሚስቱ ሸሚዝ የቀየረው መቼ ነው?

ከሰፈሯ ከእሪ በከንቱ ዳገቱን እያለከለከች ወጥታ ፒያሳ ደረሰች። ስልክና ሪሲቨር የሚጠግነው ሽኩር ሱቁ ደረጃ ሥር ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ቦክሱን ሰክቶ ነካካና ፈገግ አለ።

"እማማ፣ ይሄ ዕቃ ሩት ተደርጓል።"

"ምን ተደርጓል?"

"ፋብሪካው የቆለፈውን ሰው ሰብሮ ከፍቶታል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ያሻዎትን ይጭኑበታል፣ በነፃም ያዩበታል። ሕጋዊዎቹ አፖች ግን ይጠረጥሩታል። መቆለፊያው በተሰበረ ቤት ዕቃችንን አናስገባም ነው ነገሩ። ማን ነው የከፈተብዎት?"

"የወንድሜ ልጅ፣ አማኑ።"

"ሳይጠይቅዎት?"

የሺዓለም ፌስታሉን ማጣጠፍ ያዘች። አማኑን "ኳሱን በነፃ የሚያሳየውን ጫንልኝ" ብላ ቆማ ያስከፈተችው ራሷ ናት። እሸቴ ደስ ይለዋል ብላ ነበር።

"መድኃኒቱ ምንድን ነው ልጄ?"

"መከፈቱን ልደብቅልዎት እችላለሁ፣ አፑ እንዳያውቅ። ግን በታደሰ ቁጥር ይነቃል፣ እርስዎም ይመላለሳሉ። ለእኔ ገበያ ነው!" ሳቀ። "አለዚያ የፋብሪካውን ሶፍትዌር መልሼ ጭኜ እቆልፈዋለሁ። ያ ነፃው ነገር ሁሉ ግን ይጠፋል። ጋሼ ለኳሱ አይቆጡም?"

"ቆልፈው" አለች። "ከተቻለህ ጋሼንም አብረህ ቆልፍልኝ።"

ሽኩር እስኪያስለው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ድራማው ሱቁ ውስጥ ጥርት ብሎ ሲከፈት በዓይኗ አይታ ወደ ግቢዋ ተመለሰች። ቤቷ አልገባችም፤ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ወደ ረይሀና በር አመራች። ሁለቱም ባሉበት "የኛም ሠርቷል፣ ተነስ!" ልትል ነው። መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የመጣችው ይህንኑ ነው። መጋረጃውን ልትገልጥ እጇን ስትዘረጋ የሰማችው አስቆማት።

"ምን አላት ጋሽ እሸቴ?"

"'አንቺን ትቼ ከምሄድ ይቺ ከተማ ትቃጠል!' አላት።"

"ውይ በሞትኩት! እሷስ?"

"እሷማ ምኗ ሞኝ ነው፤ 'አፍህ ይማልልኛል፣ ጫማህ ግን በር በር ያያል' አለችው።"

በመጋረጃው ቀዳዳ አየቻቸው። ረይሀና በስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ጨርቅ ትገፋለች፤ ቴሌቪዥኑን ቀና ብላም አታየው። የምትሰማው እሸቴን ነው። እሱ ደግሞ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንዴ በወንድ፣ አንዴ በሴት ድምፅ ይተርክላታል። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ስለኖረ እንግሊዝኛውን ከፈረንጅ አፍ የለቃቀመው ነው። የሺዓለም ግን ሥላሴ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስትተይብ ያረጀች ናት። ድራማው ላይ ያለው ሰውዬ "ሥራ ረፍዶብኛል" ነው ያለው። ከተማም አልተቃጠለ፣ ጫማም አልተነሳ። እርማቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

"ለእትዬ የሺም እንዲህ ነው የሚተርኩላት?" አለች ረይሀና።

"ለየሺ?" እሸቴ ድምፁ ወረደ። "እሷ ጋ አንድ ቃል ከሳትኩ እርማት አለ። ቤቴ ውስጥ ዝም ብዬ ማየት ከለመድኩ ቆየሁ።"

የሺዓለም እጇን ከመጋረጃው መለሰች። እስካሁን የቀናችው በሴትዮዋ ነበር። አሁን በሰማችው ድምፅ ቀናች፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አቃጠላት። እንዲያ ሲያወራ የሰማችው ገና ሲያጫት ነበር።

ቤቷ ገብታ ቦክሱን ሰካችው። ሲመሽ እሸቴ መጣ። ድራማው ተከፍቶ ሲያይ በሩ ላይ ቀጥ አለ።

"ሠራ እንዴ?"

"ሠራ። ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ ዝም ብሎ ያያል። ማያው ላይ ሰውዬው ሻንጣውን አንስቶ ለሚስቱ አንድ ነገር አላት።

"ምን አላት?" አለች የሺዓለም።

ዞሮ አያት። "አንቺ አትሰሚውም?"

"አንተን ነው የጠየቅኩህ።"

እሸቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "'እመለሳለሁ' አላት መሰለኝ" አለ ቀስ ብሎ።

"ለረይሀና በዚህ ድምፅ ነው የምትነግራት? ጮክ በል እንጂ!"

እሸቴ ደነገጠ። ወደ ወንበሩ ጫፍ ጠጋ አለ፤ ድምፁም ወፈረ። "'እመለሳለሁ! በጨለማ ቢሆን፣ በጎርፍ ቢሆን፣ ይሄን በር ሳላንኳኳ አልሞትም!' አላት።"

ሰውዬው ያለው "ሁለተኛ አታዪኝም" ነው። የሺዓለም ቃል በቃል ሰምታዋለች።

"ከዚያስ?" አለች፣ ወንበሯን ወደ እሱ እየሳበች።