ቀብር የሌለው ቅሬ

በእኛ ሰፈር ሰው ከሠርግ ይቀራል፣ ከስብሰባ ይቀራል፣ ከወንድሙ ጋር ተኳርፎም ዓመት ይቀመጣል፤ ከቅሬ፣ ከቀብር ዕድራችን ግን አይቀርም። ጡሩምባው በጠዋት ከተነፋ ሱቁን የከፈተ ይዘጋል፣ መንገድ የጀመረ ይመለሳል። የሞተው እስላም ይሁን ክርስቲያን ቀድሞ የሚጠይቅ የለም። ወጣቶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ መቃብሩ ይቀድማሉ፤ እኛ ዕድሜ የተጫነን ደግሞ ስለ ጉልበታችን እየተነጫነጭን ከኋላ እንከተላለን። ይህን የማወራው በሰፈሬ ልመጻደቅ ብዬ አይደለም። የተያዝነው በዚሁ ልማዳችን ስለሆነ ነው።

ሞላልኝ እባላለሁ፤ ደሴ ሰኞ ገበያ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው የጨርቅ ሱቅ የሱሌማን ነው። ሱሌማን የቅሬያችን ዳኛ ነው፤ ያለ እሱ ትእዛዝ ጡሩምባ አይነፋም። የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ እሱ ሲያስነጥስ እኔ «ይማርህ» እላለሁ። እናቱን እማማ ዐሊማን እኔም እንደ እናቴ ነው የማያቸው፤ በልጅነቴ ከልጃቸው ጋር ስንት ቀን አብልተውኛል፣ ስንት ቀንም በአንድ አርጩሜ ገርፈውናል።

ያን ሰሞን ቀበሌው ወጣቶችን ለውትድርና መመልመል ጀመረ። በፈቃደኝነት ነው ተባለ። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የሰፈራችን ልጅ የከሊድ እናት ሸሪፋ ብድግ አለችና፣ «ፈቃደኝነት ከሆነ በሩ ላይ ታጣቂ ያቆማችሁት ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ሴቶቹ አጨበጨቡ። የቀበሌው ሰው ደምመላሽ ብቻ አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ ስብሰባ ቢጠራ የሚገኘው ወንበሩ ብቻ ሆነ።

ወጣቱ ገሚሱ ገራዶ ወርዶ ዘመድ ጋ ተደበቀ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩት ደግሞ ከፈረቃ ስንወጣ መንገድ ላይ ያፍሱናል ብለው ግቢው ውስጥ ማደር ያዙ። የሸሪፋ ልጅ ከሊድና የሱሌማን ልጅ ዐቂል እዚያው ነበሩ፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የማይለያዩ ጓደኛሞች ናቸው። የእኔ ልጆች ሁሉም ሴቶች ናቸው። ዕድሜ ልኩን «ወራሽ የለህም» እያለ ሲያሾፍብኝ የኖረ ሰፈር ያን ጊዜ ቀናብኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደምመላሽ ሱሌማን ሱቅ ገባ። የሁለቱም ድምፅ በቆርቆሮው በኩል ይሰማኛል፤ ቃሉን ግን የስፌት መኪናዬ ይውጠዋል። መኪናውን ማቆም እችል ነበር፤ አላቆምኩም። የቀበሌ ሰው የሚያወራውን አለመስማት ጤና ነው ብዬ አስቤ ነው። ደምመላሽ ሲወጣ ብቅ ብዬ፣ «ምን ይላል?» አልኩት።

«የመብራት ነገር ነው» አለ ሱሌማን። ፊቱ አመድ መስሏል። ስለ መብራት ሰው እንዲህ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ግን ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጡሩምባው ተነፋ። «ቅሬ ውጡ!» ተባለ፤ ማን እንደሞተ አልተነገረም። ስልክ ተደዋወልን። የተደበቀው ሁሉ ወጣ፤ ከገራዶም ከኮምቦልቻም መጣ። ከሊድ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ታክሲ ይዞ ስለመጣ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበረበት። ከቅሬው ዕቃ ቤት አካፋ አንስቶ ከጓደኞቹ ጋር ቆመ።

የሞተው ማን እንደሆነ እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። ከየትኛውም ቤት ለቅሶ አይሰማም። ሱሌማን ከግድግዳው ተጠግቶ አንገቱን ደፍቷል፤ እኛ ሐዘን መሰለን። ቀርቤ፣ «ማን ነው ሟቹ?» ስለው «ቆይ» አለኝ። ቆይ ብሎኝ ሳይጨርስ ታጣቂ የጫኑ መኪኖች ከላይም ከታችም መጥተው መንገዱን ዘጉት።

ስለ ጩኸቱ ምን ላውራ። ሸሪፋ የአንዱን ታጣቂ ክንድ ይዛ መሬት ለመሬት ተጎተተች። ከሊድ አልሮጠም። እየገፉት ሳለ በእኔ አጠገብ ሲያልፍ አካፋውን ዘረጋልኝ፤ «ጋሽ ሞላልኝ፣ ይቺን ያዙልኝ። የቅሬው ናት፣ እንዳትጠፋ።»

«እሺ» አልኩ።

 የልጁ እናት አፈር ላይ እየተጎተተች፣ እኔ አካፋ ታቅፌ «እሺ»! ዛሬም ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

ዐቂል በዚያ ጠዋት አልነበረም። ሁሉም አየ፤ ማንም አልተናገረም።

ልጆቹ ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ግቢ ውስጥ ታጎሩ። እናቶች በየቀኑ ምግብ ቋጥረው ወረዱ። የፋብሪካው ሠራተኞችም ጓደኞቻችን ይለቀቁ ብለው ማሽን አቁመው አደባባይ ወጡ። በመጨረሻ አንድ አለቃ ሸሪፋን እንዲህ አላት፤ «ልጆቻችሁ በገዛ እግራቸው ለምዝገባ የመጡ ናቸው፤ የእኛ ሪፖርት የሚለው ይህንን ነው። ተታለው ነው የምትሉ ከሆነ የጠራቸው ሰው ቀርቦ ይመስክር። ያን ጊዜ እናያለን።»

ሸሪፋ ከታክሲ እንደወረደች በቀጥታ ሱሌማን ሱቅ ገባች። «አንድ ቃል ነው የሚፈልጉት። ተገድጄ ነው በል፤ በአላህ ይዤሃለሁ።»

ሱሌማን ጨርቅ ያጣጥፍ ነበር። «አብሽሪ፣ ይመለሳሉ፣ ኢንሻ አላህ» አላት።

«አብሽሪ አትበለኝ!» ብላ ወጣች። እሱ ያንኑ ጨርቅ ዘርግቶ እንደገና አጣጠፈው።

ዐቂል ከኮምቦልቻ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባቱ ጋ ሳይሆን እኔ ሱቅ ገባ። ጥግ ላይ ያቆምኳትን አካፋ ሲያይ ተቀመጠ።

«አባ በዋዜማው ደውሎ፣ ነገ ቅሬ ቢጠራም ከፈረቃህ እንዳትቀር አለኝ» አለ። «ለሥራዬ ያሰበ መስሎኝ ነበር፣ ጋሽ ሞላልኝ። ከሊድን አንተ ሂድ፣ ለእኔም ቁምልኝ ብዬ የሸኘሁት እኔ ነኝ።»

 ተነሥቶ ወደ አባቱ ሱቅ ሲገባ ግን በዚህኛው ቀን የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

«ሂድና ተናገር» አለ ልጁ።

«ከተናገርኩ በማግስቱ የሚወስዱት አንተን ነው። ደምመላሽ በግልጽ ነግሮኛል። ጡሩምባውን ካላስነፋህ ከአንተ ልጅ እንጀምራለን ነው ያለኝ።»

«ይውሰዱኛ!»

«አንተ ያለኸኝ አንድ ነህ፣ ዐቂል።»

«ከሊድስ ለሸሪፋ ስንት ነው?»

 ዐቂል በሬ ላይ ብቅ ብሎ፣ «እርስዎ ጋ ልደር?» አለኝ። አባቱ ከግድግዳው ማዶ እየሰማ «እደር» አልኩት። ሱሌማንን ገብቼ ልናገረው ይገባኝ ነበር። ሰላምታ ብቻ ነፈግሁት። የእኔ ጀግንነት እዚህ ድረስ ነው።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ገደማ ጡሩምባው ደግሞ ተነፋ። «ቅሬ ውጡ! እማማ ዐሊማ!»

ያን ጠዋት ሰፈራችን ያደረገውን መናገር ያሳፍረኛል። ማንም አልወጣም። በየበሩ ቆመን ጆሯችንን ጣል አደረግን። ለቅሶ መኖሩን ማጣራታችን ነው። ያሳደጉኝ ሴት ሞቱ ተብሎ እየተጠራ እኔ ጫማዬን አድርጌ፣ ነጠላዬን ለብሼ፣ ከበሬ ጀርባ አዳምጣለሁ። ከሱሌማን ቤት የሴቶቹ ዋይታ ሲነሣ ነው እግሬ የተንቀሳቀሰው። ስደርስ ሱሌማን ደጁ ላይ ብቻውን ቆሞ መንገዱን ያያል። ሰው ይመጣ ይሆን ወይስ እናቴን ብቻዬን እቀብር ይሆን እያለ እንደነበር ፊቱ ይናገራል።

ከእኔ ቀድሞ የደረሰ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የከሊድ አባት ባሽር። ባሽር ዝምተኛ ነው፤ የሚናገረው ሸሪፋ ትንፋሽ ስትወስድ ብቻ ነው ብለን እናሾፍበት ነበር። ዶማ ይዞ ቆሟል። ሱሌማን ዐይኑን ሊያየው አልቻለም።

ቀስ በቀስ ሽማግሌው ሁሉ ተሰበሰበ። ወጣት ግን የለም፤ ያልተወሰደው እንዲህ ያለ ጡሩምባ ደግሞ አያምንም። በመካከላችን የወጣት ጉልበት ያለው ዐቂል ብቻ ነበር። ከሱቄ የከሊድን አካፋ ይዞ መጥቷል። አያቱን ተሸክሞ ሲሄድ ሁሉም ሰው ያየዋል፤ እሱም መታየቱን ያውቃል፤ አንገቱ ሊሰበር ደረሰ። ቃሬዛው በሽማግሌ ትከሻ ላይ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ያዘነብላል። ጉድጓዱን እያለከለክን እየተፈራረቅን ቆፈርነው። አብዛኛውን የቆፈረው ባሽር ነው።

እማማ ዐሊማ ወደ ማረፊያቸው ወረዱ። ሱሌማን በእናቱ ላይ አፈር ሊመልስ እጁን ወደ ዐቂል ዘረጋ።

ዐቂል አካፋውን ወደ ደረቱ ሳበው። «ይቺ የከሊድ አደራ ናት፣ አባ።»

የሱሌማን እጅ አየር ላይ ቀረ። ሁላችንም በእጃችን የሆነ ነገር ይዘናል፤ አካፋ ያልያዘ ዶማ ይዟል። አንዳችንም አልሰጠነውም። ተንበረከከና አፈሩን በእጁ መግፋት ጀመረ። ቆመን አየነው።

ባሽር ዶማውን አስቀምጦ አጠገቡ ተንበረከከና እሱም በእጁ መግፋት ያዘ። «ለእሳቸው ነው» አለ፤ «ላንተ አይደለም።»

ሱሌማን ቀና አለ። እንባውና አፈሩ ፊቱ ላይ ተደባልቋል። ሁላችንም እንድንሰማ ጮክ ብሎ፣ «ነገ በጠዋት ኮምቦልቻ አብረን እንውረድ፣ ባሽር» አለ። «ተገድጄ ነው፤ ልጆቹን ለቀብር ብዬ ያስጠራሁት እኔ ነኝ ብዬ እመሰክራለሁ። ዐቂልንም ካሉ ይውሰዱት። እናቴ ይህን ሥራዬን ሰምታ ነው የሞተችው። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ዐቂል አባቱን አየው። ባሽር ግን አፈሩን መግፋቱን አላቆመም።

«ልጆቹ ጎህ ሲቀድ ተጭነዋል» አለ። «ሸሪፋ እዚያው መጋዘኑ በር ላይ ነበረች፤ ደውላልኛለች። አሁን ሐርቡ ከተማን ካለፉ ቆይተዋል።»

 ሱሌማን ወደ ባሽር ዞረ።

«ይህን እያወቅህ ነው የመጣኸው? እኔን… የእኔን እናት ልትቀብር?»

ባሽር ጥያቄው የገባው አልመሰለም። እጁን ከአፈሩ አወጣና አየው።

«ቅሬ ነዋ» አለው፤ ተመልሶም መግፋቱን ቀጠለ።

እኔ አካፋዬን መሬት ላይ አስቀምጬ ከጎናቸው ተንበረከክሁ። ሱሌማንን ሳይሆን ባሽርን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።