ጥሩምባው እስኪነፋ

አሕመድኑር ሰው እስኪሞት መጠበቅ ከጀመረ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። መካነ ሰላምን ዞራችሁ ብትጠይቁ ክፉ ነው የሚላችሁ አታገኙም፤ ቢበዛ «ያ የብረት እብድ» ነው የሚሏችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቱ ኡምኩልሱም ተኝታለች። ደሴ ድረስ ወስዷት ሐኪሞቹ አገላብጠው አይተው «ወደ ቤት ውሰዳት፣ ያማራትን አብላት» ብለው ሸኙት። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ደሞ ማንም ያውቃል። እሱ በዚህ ላይ ከቅሬ፣ ከሰፈሩ እድር፣ ተባሯል። ከቅሬ የተባረረ ሰው ቤት ሐዘን ሲገባ ጥሩምባ አይነፋም። ጉድጓድ የሚቆፍርለት የለም፣ ቃሬዛውን የሚሸከምለት የለም። በሕይወት እያለም ሰላም አይባልም፣ ታማሚው አይጠየቅም፣ እሳት እንኳን አይሰጠውም። አንድ ሰው ብቻውን እናቱን እንዴት ተሸክሞ፣ እንዴት ቆፍሮ፣ እንዴት ይቀብራል? አሕመድኑር ይሄን እያሰበ ነው የሚያድረው።

ያስባረረችው መኪናዋ ናት።

ጅዳ ስድስት ዓመት የሠራው የሀብታም ልጆች አሮጌ መኪና የሚያሠሩበት ወርሻ ውስጥ ነበር። ጣራዋን ያስቆርጣሉ፣ ፓራፋንጎዋን ያስጥላሉ፣ ሞተሯን ያለ ኮፈን ራቁቷን ያስቀሯታል፣ ፊቷ ዝቅ ኋላዋ ከፍ ብላ ትወጣለች። ሆት ሮድ ይሏታል። አሕመድኑር ስድስት ዓመት የሰው ሲሠራ ኖሮ ተይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ በእጁ አንድ ፌስታል፣ በጭንቅላቱ አንድ መኪና ይዞ ነው የገባው።

ሦስት ዓመት ለቀማት። ሻንሲውን ከላላ ገበያ መግቢያ ላይ ዶሮ ከሚያድርበት ላንድሮቨር ፈትቶ አመጣ። ሞተሩ ወረኢሉ መንገድ ላይ ከተገለበጠ ፒካፕ ነው። የኋላ ጎማዎቹ ደጎሎ ከቆመ አይሱዙ፣ መሪው ደሞ ከሽማግሌው ከጋሽ ይሄነው የድሮ ኤንትሬ ጭነት መኪና። አካሏን በርሜል ሰንጥቆ፣ እየቀጠቀጠ፣ እየበየደ ነው ያወጣው። ወንበሯን ሰፊዋ ፈርሂያ ከአሮጌ የቆዳ ጃኬቶች ሰፋችለት፤ እየሳቀች፣ «መጀመሪያ የምትጭነው እኔን ነው» እያለች።

ይሄ ሁሉ ሲሠራ ታዲያ ግራይንደሩ ይጮሃል። የቅሬው ጥሩምባ ሲነፋ አልሰማም፣ ሁለት ቀብር አመለጠው። ተመከረ። ሦስተኛው ግን ሌላ ነው። ሦስተኛውን ሰምቶታል። ሻንሲውን እየበየደ ነበር፣ መሀል ላይ ቢያቆመው ይጣመምበታል፣ «ይቺን ልጨርስና» አለ። ሲጨርስ ሰው ከቀብር እየተመለሰ ነበር። የተቀበረው የቅሬው ዳኛ የጋሽ ፈንታሁን ወንድም ነው። ይሄን ለማንም አልተናገረም፤ ሦስቱንም አልሰማሁም ነው ያለው።

እናቱ ከደሴ ስትመለስ ጋሽ ፈንታሁን ደጃፍ ሄዶ ተንበረከከ።

«ያባረረህ ቅሬው ነው፣ እኔ ብቻዬን አልመልስህም» አሉት፣ አይን አይኑን ሳያዩት። «ቅሬው የሚሰበሰበው ቀብር ላይ ነው። የዛን ቀን አካፋህን ይዘህ ቀድመህ ተገኝ። ሰው ፊት ይቅርታ ጠይቅ።»

«ቀብር ባይኖርስ ጋሼ?»

«አልሐምዱሊላህ በላ» አሉት፣ አንገታቸው ላይ የታሰረ ማተባቸውን እየነካኩ፣ በሩንም ዘጉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መዶሻ አላነሳም። ግራይንደሩን ጆንያ ውስጥ ከተተው። መኪናዋ አልቃለች፣ የቀራት ሞተሯን ማስነሳት ብቻ ነው፣ እሱ ግን ጥሩምባው እንዳያመልጠው ብሎ መፍቻ እንኳን አያቃጭልም። ሰዉ ግን ጤነኛ ሆነ። ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ገብሱ ያማረ ነው፣ የሚያስል እንኳን ጠፋ።

«ምነው ግቢው ዝም አለ?» ትለዋለች እናቱ። «የመዶሻህ ድምፅ ሲጠፋ የሞትኩ እየመሰለኝ ነው።»

«እያረፍኩ ነው እማዬ።»

«ሰውስ? ሙሉሐረግ እንኳን ከአጥሩ ወዲያ ድምጿን እየሰማሁ አንድ ቀን ብቅ ትላለች?»

«አጨዳ ነው፣ ሰው ሥራ በዝቶበታል።»

«አጨዳው ገና ነው'ኮ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አንድ ነገር በድያቸው ይሆናል።»

ይሄ ነው የሚገድለው። መባረሩን አታውቅም። ሰው የጠላው እሷን መስሏታል።

በሰባተኛው ቀን ጋሽ ይሄነው ጋ ሄደ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ባለፈው ክረምት ቄስ ተጠርቶላቸው ነበር። አጥራቸው ሥር ፀሐይ እየሞቁ አገኛቸው።

«እንዴት ነዎት ጋሼ? ጉልበቱስ፣ ሳሉስ?»

«ደህና ነኝ።»

«እንቅልፍስ?»

«እንደ ሕፃን ነው የምተኛው።» ሽማግሌው ዞር ብለው ቀኝና ግራ አዩና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «አንተ፣ ጤናዬን ልትጠይቅ ነው የመጣኸው ወይስ ቀኔን ልትጠይቅ?»

አሕመድኑር መሬት መሬት አየ።

«ብሞትልህ ደስ ይለኝ ነበር» አሉት። «እናትህ ደግ ሰው ናት። ግን ዘንድሮ የዘራሁት ገብስ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። እሱን ሳልቀምስ የትም አልሄድም፣ አትጠብቀኝ።» ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና፣ «ስንት ቀን አላት?» አሉት።

«አላውቅም ጋሼ።»

«ፈጣሪ ቀኑን ያስማማልህ» አሉት። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ምን እንደተመኙ ገባቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጥሩምባው ተነፋ።

አሕመድኑር እናቱ ራስጌ ተቀምጦ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ትንፋሿ ቆም ይላል፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ይሰጣል፣ እንደገና ይጀምራል። ውሃ እንኳን በጥጥ ነው። የጥሩምባ ነፊው የበፍቃዱ ድምፅ ከመስጊዱ በኩል መጣ። «የሐሰን ልጅ ፈርሂያ አርፋለች። ቅሬ፣ ቀብር ውጡ።»

ፈርሂያ። ሰፊዋ። ትላንት ሆዴን ብላ የተኛች፣ ሃያ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በልቡ የቆጠረው ሽማግሌዎቹን ነበር፤ እሷን ማንም አልቆጠራትም።

ተነሳና አካፋውን ያዘ። በሩ ላይ ቆመ። ተመለሰ። ከሄደ እናቱ ብቻዋን ትሞታለች፤ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ቅሬው አይፈቅድም። ካልሄደ ደሞ አራተኛው ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ይቅርታውን አይሰማም፣ እሷም እንደ ውሻ በልጇ እጅ ብቻ ትቀበራለች። ሁለቴ ወጣ፣ ሁለቴ ገባ። ሦስተኛ ላይ ጋቢዋን ጠቅልሎባት አቅፎ አነሳት። አንድ ጆንያ ጥጥ ነው የምትመዝነው።

ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጣት አይኗን ገለጠች።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት እማዬ።»

«ጣራዋስ? ቆርቆሮ አለቀብህ?»

«እንዲህ ናት። ጣራ የላትም።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ግማሽ መኪና» አለች፣ ከንፈሯ ትንሽ ሳቀ። እሱ ወገቧን በሻሿ ከወንበሩ ጋር አሰራት፣ አካፋውን ከኋላ ጣለ።

ሞተሪኖ የላትም፣ የምትነሳው በግፊ ነው፣ የሚገፋለት ሰው ደሞ የለም። ያለው ቁልቁለቱ ነው። የግቢውን በር በርግዶ ከፈተ፣ ትከሻውን ሰጥቶ ገፋት፣ መንከባለል ስትጀምር ዘሎ ገባ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። አንዴ ሳለችና ዝም አለች። ቁልቁለቱ እያለቀ ነው። ታች ከቆመች እናቱን መንገድ መሀል ይዞ መቅረቱ ነው። እንደገና ለቀቀ። አሁንም ሳለች። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለ ሦስተኛ ሲለቅ ሞተሩ ተነሳ፤ ማርሚታ የላትምና ጩኸቱ ሰፈሩን ሁሉ አናጋው። እናቱ የበርሜሉን ጠርዝ በእጇ ጨብጣ ያዘች።

መቃብሩ ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ ዞሮ እያየው ነበር። ወንዶቹ ጉድጓዱ ጋ፣ ሴቶቹ ራቅ ብለው ከመንገዱ ዳር ቆመዋል። መኪናዋን ሴቶቹ አጠገብ አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

እናቱ ቀና አለች። ከሁለት ወር በኋላ የሰፈሯን ሰው ማየቷ ነው። ፊቷ በራ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች።

ማንም አልመለሰም። የሰላምታ መልስ ግዴታ ነው፣ ሕፃንም ያውቀዋል፤ የቅሬ ቃልም ግዴታ ነው። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች ደግማ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ምን አድርጌያቸው ነው ኑርዬ?»

«አንቺ አይደለሽም» አላት። «እኔ ነኝ። ከቅሬ ተባርሬያለሁ፣ ደብቄሽ ነው። ቀብር ቀርቼ ነው። አንዱን እየሰማሁ ነው የቀረሁት።»

አየችው።

«ታዲያ ምን ታየኛለህ?» አለችው። «አካፋህን አንሳና ሂድ።»

ሄደ። ሰዉ መንገድም አልሰጠው፣ አልከለከለውም። ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ቀና ብሎ ለጋሽ ፈንታሁን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የወንድምዎን ጥሩምባ ሰምቼ ነው የቀረሁት። ብረቱ እንዳይጣመምብኝ ብዬ ነው። ዋሽቻችኋለሁ» አላቸው። ዳኛው ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ፣ አሽከረከሩና ፊታቸውን አዞሩ።

ቆፈረ። ደረቱ ድረስ ገብቶ ነበር የሙሉሐረግ ድምፅ ከመንገዱ ዳር የመጣው፣ ጮክ ብሎ፣ ማንም ይስማ ተብሎ የተባለ ነው።

«ወአለይኩሙ ሰላም እማማ ኡምኩልሱም። እንዴት ሰነበቱልኝ?»

ከዚያ ሌላ ሴት መለሰች። ከዚያ ብዙ ሆኑ። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ከቆሙት ወንዶችም አንዱ ከአፉ ሳያወጣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። አሕመድኑር ቀና አላለም። ቀና ካለ ማልቀሱ ነው፣ ካለቀሰ ደሞ አካፋው ይቆማል። እናቱ የሆነ ነገር ስትመልስ፣ ሴቶቹ ሲስቁ ሰማ። ስለ ጣራው መሰለው።

ፈርሂያን አስገቧት። አፈሩን መለሱ። ዱዓው ተደርጎ ሲያበቃ ሙሉሐረግ በሰዉ መሀል አልፋ ዳኛው ጆሮ ላይ ጎንበስ ስትል አያት።

ጋሽ ፈንታሁን ኮታቸውን አወለቁ። አጣጥፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ወደ አሕመድኑር መጥተው አካፋውን ከእጁ ያዙ፤ አልለቅ ሲል ቀስ ብለው ጎተቱት።

«ስጠኝ» አሉት። «አንተ እናትህ ጋ ሂድ። እኛ እንቆፍራለን።»

ሴቶቹ መንገድ ለቀቁለት። ከጉድጓዱ እስከ መኪናዋ ሃያ እርምጃ አይሞላም ነበር። እናቱ ወንበሩ ላይ ጋደም ብላለች፣ ሻሿ እንደታሰረ ነው፣ አንዷ አይኗን ከድናላታለች። እጇ ግን የበርሜሉን ጠርዝ እንደጨበጠ ነው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረበት።