ሞግዚቷ የት ሄደች?

የሲኒማ ቤቱ መብራት በርቶ ሰዉ መውጣት ሲጀምር መርየም ከወንበሯ አልነሣም አለች። ስድስት ዓመቷ ነው። ባዶውን የፈንዲሻ ዕቃ አቅፋ፣ የሠሪዎቹ ስም የሚያልፍበትን ጥቁር መጋረጃ ፈጥጣ ታያለች።

"አላለቀም" አለች።

"አልቋል የኔ ቆንጆ። ልዕልቷ ዘውዷን ጫነች፤ ኸላስ" አለቻት እናቷ፣ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች።

"ሞግዚቷስ የት ሄደች?"

የልጅቷን ጃኬት በክንዷ ይዛ ከኋላ የቆመችው ፈትለወርቅም ከግማሽ ሰዓት ጀምሮ ራሷን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። ልዕልቷን ከሚቃጠለው ቤተ መንግሥት በጀርባዋ አዝላ ያወጣቻት ሞግዚቷ ናት። ዋሻ ውስጥ ደብቃ ያሳደገቻት፣ ከራሷ ቀንሳ ያበላቻት እሷ ናት። ጦርነቱ ድል ሆኖ ልዕልቷ ዙፋን ላይ ስትቀመጥ ግን ፈረሱ እንኳ የወርቅ ኮርቻ ተጭኖ ቆሟል፤ ሞግዚቷ የለችም።

"አገሯ ገባች" አለች እናቷ፣ ማዳም።

"ቻው ሳትላት?"

ማዳም ቀና ብላ ፈትለወርቅን አየቻት። ፈትለወርቅ የተገለበጠ ይመስል የጃኬቱን እጅጌ ስታስተካክል ቆየች።

ያን ቀን ቅዳሜ ነበር። ፈትለወርቅ ዱባይ፣ አል ባርሻ እነማዳም ቤት አምስት ዓመት ሠርታ ጨርሳለች፤ ማክሰኞ ጠዋት ወደ አገሯ ትበራለች። አወጣጧን ማዳም በሳምንቱ መጀመሪያ ነግራታለች። መርየም ትምህርት ቤት እያለች ትሄዳለች፤ ሻንጣዋ አስቀድሞ ሾፌሩ ክፍል ይገባል፤ ልጅቷ ስትመለስ አታገኛትም። ሁለት ቀን ታለቅስና ትረሳለች። በዚያ ሰፈር ሞግዚት የሚሸኘው እንዲህ ነው፣ ማንም ነውር አይለውም። ፈትለወርቅ ደሴ ላይ ስምንት ዓመት አማርኛ ያስተማረች፣ በስብሰባ መሐል ርእሰ መምህሩን አፍ ያስያዘች፣ ያልመሰላትን ነገር ዝም ብላ የማታሳልፍ ሴት ናት። ለማዳም ግን "እሺ" ብቻ አለቻት።

እሑድ የእረፍት ቀኗ ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣች በሜትሮ ቡር ዱባይ፣ ሀሚዳ ቤድ ስፔስ፣ አንድ አልጋ ብቻ፣ ተከራይታ ወደምትኖርበት ክፍል ሄደች። ሀሚዳ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ አብረው ነው የመጡት። ሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሆነችው ሰላማዊትም ልትሰናበታት መጥታ ነበር። ወሬው ፊልሙ ላይ ወደቀ፤ በዚያ ሰሞን ያላየው የለም። ሀሚዳ፣ ልዕልቷ ሦስት ቀን በረሃ አቋርጣ ጸጉሯ አቧራ አለመንካቱን እያነሣች ሣቀች። እሷ ራሷ ከሜትሮ ወርዳ ቤቷ እስክትደርስ በላብ ትቀልጣለች። ሰላማዊት ደግሞ ወዳዋለች፤ ልዕልቷ ባል ሳትጠብቅ መንገሧ አንጀቷን አርሶታል። ከስልኳ ተመልካቾች የጻፉትን ታነብላቸው ጀመር። አንዱ ዘፈኑ በዛ ይላል። አንዷ፣ መጨረሻው ላይ የልዕልቷን የቆዳ መልክ አቀሉት ብላ ትወቅሳለች። ሌላው በቀሚሷ ተቆጥቷል። ፈትለወርቅ ከንፈሯን ነክሳ ሰማች።

"ስለ ሞግዚቷ የጻፈ ፈልጊልኝ" አለች።

ሰላማዊት ጣቷን ስክሪኑ ላይ ብዙ አመላለሰች። "አንድ አለ። 'ወፍራሟ ሞግዚት በጣም ታስቃለች' ይላል።"

"ሌላ?"

"ሌላ የለም።"

"ይኸውልሽ። ስለ ቀሚስ ይነታረካሉ። ልጅቷን ከእሳት ያወጣች ሴት ድራሿ ሲጠፋ አንድም ሰው የት ገባች አይልም። እንዴት ይበል? የራሱን ልጅ የምታሳድግለትንስ መቼ ጠይቆ ያውቃል?"

"ተይ እንጂ ቲቸር፣ የልጆች ፊልም እኮ ነው" አለቻት ሰላማዊት።

"የልጆች ስለሆነ ነዋ የምናደደው። ሰው ተጠቅሞ መጣልን በስንት ዓመታቸው የሚማሩት መሰለሽ?"

ሀሚዳ ታጥፈው የነበረውን ፎጣ አስቀመጠችው። አሁን አትሥቅም።

"አንቺስ ማክሰኞ እንዴት ነው የምትሄጂው?"

ፈትለወርቅ ፎጣውን አንሥታ ማጠፍ ጀመረች።

"ተደብቀሽ አይደል? እሺ ብለሽ። እንግዲያው ፊልም ሠሪዎቹን ምን አድርጉ ትያቸዋለሽ?"

"ለልጅቷ ብዬ ነው። እንዳታለቅስ።"

"ለሩሃማም ብለሽ ነበር፣ ፈትልዬ።"

ሩሃማ የፈትለወርቅ ልጅ ናት። አራት ዓመቷ ሳለ፣ ሳይነጋ ተኝታ ነበር ጥላት የወጣችው። አትቀስቅሻት፣ ታለቅሳለች ብለዋት ነበር። ሩሃማ ግን አላለቀሰችም አሉ። ነቅታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ አልጋ ሥር አየች፤ ጓዳ ገባች። ሁሉንም ፈትሻ ስትጨርስ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ዛሬ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስልክ ሲሰጧት "ደህና ነኝ" ብላ ትመልሳለች። እናቷ ልትመጣ መሆኑን ሲነግሯት በስልክ የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እንደገና ስትሄጂስ ትነግሪኛለሽ?"

ፈትለወርቅ ይህንን ለሀሚዳ ነግራት ነበር። ነጠላዋን አንሥታ ተነሣች፤ ማንም ቆዪ አላላትም።

አል ባርሻ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መርየም ክፍሏ ምንጣፍ ላይ በደረቷ ተኝታ ትሥላለች። ልዕልቷን፣ ዙፋኑን፣ ፈረሱን ሠርታ ጨርሳለች። ከዙፋኑ አጠገብ ሻሽ ያሰረች ሴት ጨምራለች።

"ሠሪዎቹ ረስተዋት ነው" አለች ቀና ሳትል። "እኔ አስገባኋት።"

ፈትለወርቅ ሥዕሉን ቆማ አየችው። ከዚያ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ወዳለችው ክፍሏ ወረደች። ፓስፖርቷና ቲኬቷ ማዳም መሳቢያ ውስጥ እንዳሉ፣ ማዳምም ስትቆጣ ምን እንደምትመስል ታውቃለች። ቢሆንም ሻንጣዋን አውርዳ፣ ወደ ሾፌሩ ክፍል የሚያስወጣውን በር አልፋ፣ ደረጃውን ይዛው ወጣች። የመርየም ክፍል ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ ከፈተችው።

"የት ልንሄድ ነው ፈቲ?"

"እኔ ነኝ የምሄደው። ማክሰኞ፣ አንቺ ትምህርት ቤት ስትሆኚ። ልጄ ትጠብቀኛለች።"

"ትመለሻለሽ?"

"አልመለስም፣ የኔ እመቤት።"

መርየም አፏን ከፍታ ልቅሶዋን ለቀቀችው። የማዳም ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ተሰማ፤ በፍጥነት ይወጣል። በሩ ለፈትለወርቅ እጅ ቅርብ ነበር። አልዘጋችውም። ልጅቷን ጉያዋ አስገብታ እንባዋን ጠረገችላት፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳም አንዱን ጫፍ አስያዘቻት።

"አጥብቀሽ ያዢው" አለቻት። "ይሄ የሚታጠፈው ሁለት ሆነን ነው።"